ፊርማዬን ይዘን ስድስት ሆነን ሄድን

"ስሟ ማን ነው?"

የባንኩ ሠራተኛ ይህን የጠየቀችው ታናሽ ወንድሜን ነው። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ፊት ለፊቷ ቆሜያለሁ። መታወቂያዬን በእጄ ሰጥቻታለሁ፤ ሂሳብ ልከፍት መምጣቴንም በራሴ አንደበት ነግሬያታለሁ። ጥያቄው ሁሉ ግን ወደ እሱ ሄደ። "ማንበብ ትችላለች? ፊርማ አላት? ምን ያህል ልታስገባ ነው?" ወንድሜ ጨነቀው። "እሷን ጠይቂያት እንጂ" አላት። ለአፍታ ዝም አለችና ኃላፊዋን ጠራች።

ኃላፊው ትሑት ሰው ነበር። ሂሳብ ለመክፈት ሁለት ምስክር ይዤ እንድመጣ ነገረኝ። ከዚያ በኋላም ገንዘብ ባወጣሁ ቁጥር ሁለት ዓይናማ ሰዎች አጠገቤ ቆመው ይፈርማሉ። ኤቲኤም ካርድ አይሰጠኝም። ለምን ስለው፣ "ለራስሽ ደኅንነት ነው እህቴ፣ ሰው እንዳያታልልሽ" አለኝ።

አስተማሪ ነኝ። የልጆች ፈተና አዘጋጃለሁ፣ ውጤት እይዛለሁ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን አምነው ይሰጡኛል። ደመወዜን ግን ያለ ሁለት ሰው መንካት አልችልም። ቤት ስገባ አለቀስኩ። ከዚያ ነገሩን ዋጥኩት። እናቴም "ዝም አይነቅዝም" አለችኝና ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዜ በወንድሜ ሂሳብ እየገባ ኖርኩ። ወንድሜ ታማኝ ነው፣ ሳንቲም አጉድሎብኝ አያውቅም። ቢሆንም ጫማ መግዛት ስፈልግ እንኳ መጀመሪያ ለሰው መናገር ነበረብኝ። ይህ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደተቀየረ ልንገራችሁ፤ በደንብ የሠራነውንም ያበላሸነውንም። ብዙ ጊዜ ያባከንነው የሚነግረን ሰው ስላልነበረ ነው።

ሁሉም የተጀመረው በስልክ ወሬ ነው። አብራኝ የተማረች አንዲት ጓደኛዬ ደውላ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ፣ በመሀል ባንክ ሄዳ ምስክር አምጪ መባሏን ነገረችኝ። እኔም የኔን ነገርኳት። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን። ሁለት ዓመት ሙሉ የኔ ዕድል ነው ብዬ የያዝኩት ነገር የእሷም ነበር። ለሌላ ሰው ደወልን፣ እሱም ያው። ለአራተኛው ደወልን። እሱ ደግሞ ካርድ ተሰጥቶት ነበር፤ ግን የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባችለት የባንኩ ሠራተኛ ራሷ ናት፤ ማለትም ሚስጥሩን መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ናት።

በሳምንቱ ሰባት ሆነን ተሰበሰብን። የመጀመሪያው ስብሰባ ሦስት ሰዓት ፈጀ፣ ሦስቱም ሰዓት ብሶት ነበር። አንዱ ሲናገር ሌላው "እኔም! እኔም!" ይላል። ታክሲ አላስገባም ያለው፣ የቤት አከራይ ቤቱን ታቃጥሉብኛላችሁ ያላት፣ ፈተና የሚያነብለት ሰው አጥቶ ከክፍል የወጣው። እንባም ሳቅም ነበረው። ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። በሁለተኛው ስብሰባ ግን አራት ሰው ብቻ መጣ። ሰው ብሶቱን አንዴ ካወጣ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው የሚሠራ ሥራ ካለ ብቻ ነው። ይህን የተማርነው ባዶ ወንበሮች አጠገብ ተቀምጠን ነው።

ሥራው ምን ይሁን ስንል ደብዳቤ እንጻፍ ተባለ። እዚህ ላይ ትልቁን ስህተት ሠራን። አራት ገጽ ጻፍን፣ 19 ጥያቄ አስቀመጥን። ባንክ፣ ትራንስፖርት፣ የብሬል መጻሕፍት፣ የእግረኛ መንገድ፣ ሥራ ቅጥር፣ ሆስፒታል፣ ምርጫ፣ ያልጠየቅነው ነገር የለም። አንድም የሚሰረዝ አልነበረም፣ ሁሉም እውነት ነው። ደብዳቤውን ይዘን አንድ መሥሪያ ቤት ገባን። አቀባበላቸው እጅግ ጥሩ ነበር። ወንበር አቀረቡልን፣ አመሰገኑን፣ "እናንተ ለሌላው ምሳሌ ናችሁ" አሉን፣ ፎቶ አብረን ተነሳን። ስንወጣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ስምንት ወር ምንም የለም። ስንደውል "በሂደት ላይ ነው" ይሉናል። የትኛው ነው በሂደት ላይ ያለው ብንላቸው መልስ የላቸውም። እኛም ጥፋት ነበረብን። 19 ጥያቄ የቀረበለት ሰው የትኛውንም ሳይነካ ሁሉንም መቀበል ይችላል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ሲያመሰግነኝና ሲያሞግሰኝ ከቆየ፣ በትሕትና አመሰግንና "እሺ፣ መቼ ነው የሚፈጸመው? ማን ነው የሚፈጽመው?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልካም አቀባበልን መልስ አድርገን ወስደነው ነበር።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ እንምረጥ አልን። መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሚጣለው ጥያቄ ሁሉ የአንዳችን ቁስል ነው። ነጭ በትር በቀላሉ የሚገኝበት መንገድ ይቅደም ያለ ወጣት ነበር፤ የእሱ በትር ተሰብሮ በእንጨት ነበር የሚሄደው። የእሱን ጥያቄ ወደ ኋላ ማድረግ አሳፈረኝ። በመጨረሻ እያንዳንዱን ጉዳይ በሦስት ነገር መዘንነው። ስንቶቻችንን ይነካል? "እሺ" ብሎ ሊቀይረው የሚችለው ሰው ማን ነው፣ ቢሮው የት ነው? መቀየሩንስ በምን እናውቃለን? የባንኩ ጉዳይ ሦስቱንም አለፈ። ሁላችንንም ይነካል። የሚወስነው ሰው ይታወቃል። ደግሞ መቀየሩን ለማወቅ ባንክ ገብቶ መውጣት ይበቃል። ለልጁ በትሩን ከራሳችን መዋጮ ገዛንለት፤ እኔ ግን አሁንም ቢሆን በትር በመዋጮ መገዛት ነበረበት ብዬ አላምንም።

በዓለም አቀፍ ደረጃም የሠራው ይኸው ይመስለኛል። የዓለም ዓይነ ስውራን ኅብረት ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ለዓመታት አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ አለ፦ መጽሐፍ ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ ሲቀየርና ከአገር አገር ሲሻገር የቅጂ መብት ሕግ እንቅፋት አይሁን። ያ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2013 የማራካሽ ስምምነት ሆነ፣ በ2016 ደግሞ ሥራ ላይ ዋለ። የዓይነ ስውራንን ችግር ሁሉ እንፍታ ብለው ቢነሱ ኖሮ ዛሬም ስብሰባ ላይ ይሆኑ ነበር።

ከዚያ መዝገብ ጀመርን። ሥራችንን ሁሉ የቀየረው ይህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ባንክ ሄዶ የተመለሰ ሰው በዚያው ቀን ማታ ይደውላል፣ ወይም በስልኩ ድምፁን ቀድቶ ይልካል። የምንጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቀኑና ሰዓቱ፣ ቅርንጫፉ፣ ያነጋገረህ ሰው የሥራ ድርሻ፣ አንተ ያልከው ቃል በቃል፣ እነሱ ያሉት ቃል በቃል፣ መጨረሻ ላይ አገልግሎቱን አገኘህ ወይስ አላገኘህም። "አዋረዱኝ"፣ "ናቁኝ" የሚለውን አንጽፍም። ስሜቱ ውሸት ስለሆነ አይደለም። ኃላፊው ፊት ስናነበው "እንዲህ ማለታቸው አይመስለኝም" ብሎ የሚያመልጥበት ቀዳዳ እንዳይኖር ነው። "ሠራተኛዋ 'ዓይነ ስውር ካርድ አይወስድም' አለችኝ" ሲባል ግን ማምለጫ የለውም።

በሦስት ወር 31 ገጠመኝ ሰበሰብን። ስናነበው ከዚያ በፊት ያላየነው ነገር ወጣ። ከ31ዱ ውስጥ በአራቱ፣ ገንዘብ የጠፋው በራሱ በምስክሩ እጅ ነው። አንዷ እናት ገንዘብ ስታወጣ ጎረቤቷ ነበር የሚመሰክርላት። እሷ ያዘዘችው ሌላ፣ እሱ ቅጹ ላይ የሞላው ሌላ። ባንኩ "እንዳትታለሉ" ብሎ ያመጣብን ደንብ መታለያው በር ሆኖ ተገኘ። የሚስጥር ቁጥሬን ሌላ ሰው ካወቀው፣ ያለኝን ገንዘብ ሌላ ሰው ካየው፣ የተጠበቅኩት ከማን ነው? ይህን ጥያቄ ካገኘን በኋላ ስለ መብት ብቻ ሳይሆን ስለ ደኅንነትም መከራከር ቻልን። የእነሱን ቃል ይዘን ማለት ነው።

ሕጉንም ማንበብ ነበረብን። አባላችን የሆነች የሕግ ተማሪ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጮክ ብላ አነበበችልን። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ፣ በ2008 ሥራ ላይ የዋለ ነው። አንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ስትደርስ አስደገምናት። አካል ጉዳተኞች ንብረት የማፍራትና የመውረስ፣ የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመቆጣጠር፣ ብድርም በእኩልነት የማግኘት መብት አላቸው፣ መንግሥታትም ይህን ማረጋገጥ አለባቸው ይላል። ያን አንቀጽ በብሬል ጻፍነውና እያንዳንዳችን ቅጂ ወሰድን። ጣቴን እያስኬድኩ ሳነበው የሆነ ነገር ወገቤን ቀና አደረገው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አገራችሁ ስምምነቱን ማጽደቋንና የአገር ውስጥ ሕጋችሁ ምን እንደሚል ሳታረጋግጡ ወደ ማንም አትሂዱ፤ ያልጸደቀ ነገር ጠቅሶ መረታት ቀጣዩን በር ይዘጋል።

ከሕጉ በላይ የጠቀመን ግን አንዲት ቀላል ጥያቄ ናት። ያቺው የሕግ ተማሪ "ምስክር ይምጣ የሚለው የት ነው የተጻፈው?" አለች። ማናችንም ጠይቀን አናውቅም ነበር። በተለያየ ቅርንጫፍ እየሄድን "ደንቡን ያንብቡልኝ" ማለት ጀመርን። አንዱ "ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው" ይላል፣ ሌላው "ድሮም እንዲሁ ነው" ይላል፣ ሌላዋ ፋይል ስታገላብጥ ቆይታ "አላገኘሁትም" አለችኝ። አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ያሰረን ነገር ሠራተኛ ለሠራተኛ በቃል ያስተላለፈው ልማድ ነበር።

ከዚያ ነው ስድስት ሆነን የሄድነው። ቀኑን መረጥን፣ ሰው የማይበዛበት ጠዋት። አልጮኽንም፣ ባነር አልያዝንም። እያንዳንዳችን ወረፋ ይዘን፣ ተራችን ሲደርስ ሂሳብ መክፈት እንደምንፈልግ ተናገርን። የመጀመሪያዋን ምስክር አምጪ አሏት። "እሺ፣ ኃላፊውን ልጠብቅ" ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። አራተኛው ሲደርስ ኃላፊው ራሱ መጣ።

"አንድ ላይ ናችሁ?" አለ።

"አዎ" አልኩት፣ "ግን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሂሳብ ነው የምንከፍተው።"

ቢሮው አስገባን። ፈርቶ ነበር፤ ድምፁ ያስታውቃል። "እኔ እኮ ልከለክላችሁ ፈልጌ አይደለም። ነገ አንድ ሰው ቢያታልላችሁ ተጠያቂው እኔ ነኝ" አለን። ከልቡ ነበር። እኔም በዚያች ደቂቃ ስለ እሱ የነበረኝ ሐሳብ ተቀየረ። ጠላት አልነበረም፣ ብቻውን ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ነው። ስለዚህ ሸክሙን የሚያቀልለት ነገር አቀረብን። ቅጹን የባንኩ ሠራተኛ ጮክ ብሎ ያንብብልን፣ መነበቡም ይመዝገብ። የምንፈርመው መሃሉ በፊርማ ልክ በተቀደደ ጠንካራ ካርድ ነው፤ ካርዱን መስመሩ ላይ ታስቀምጡልናላችሁ፣ እኛ ቀዳዳው ውስጥ እንፈርማለን። ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት፣ ባዶ ወረቀት ላይም ሦስት ጊዜ ፈረምኩለት። ሦስቱን እያስተያየ ቆየና "ከኔ ፊርማ የተሻለ ይመሳሰላል" አለ። የሚስጥር ቁጥር የምናስገባበት መሣሪያ ቁልፎች መሃል ላይ፣ 5 ቁጥር ላይ፣ ትንሽ ነጥብ አለች፤ እሷን ካገኘን ሌላው ይገኛል። ይህንንም አሳየነው። ዓይነ ስውር ያልሆነ ሰው ያቺን ነጥብ ለምን እንደተቀመጠች ጠይቆ አያውቅም።

በዚያ ቀን ሂሳብ አልተከፈተልንም። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ኃላፊው ወደ በላይ ጻፈ፣ መዝገባችንንም አያይዞ ላከው። ከዚያ አራት ወር፣ ሦስት ስብሰባ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ቀጠሮ ተሰርዞ ከበር ተመለስን።

በዚያ መሃል ሰው ሰለቸ። ሦስቱ መምጣት አቆሙ። አንድ ምሽት የቀረነው ስንቀመጥ፣ በዕድሜ ትልቁ አባላችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ እንግሊዝ ዓይነ ስውራን ሠራተኞች ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1899 ራሳቸው ማኅበር መሠረቱ። በ1920 ከተለያዩ ከተሞች ተነስተው 250 ያህል ሰዎች በእግራቸው ወደ ለንደን ተጓዙ። የያዙት ባነር መልእክት "ፍትሕ እንጂ ምጽዋት አይደለም" የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ስለ ዓይነ ስውራን ሕግ ወጣ፤ የጡረታ መነሻ ዕድሜያቸውም ከ70 ወደ 50 ዝቅ አለ። ጋሼ ታሪኩን ሲጨርሱ "የጠየቁትን ሁሉ ግን አላገኙም" አሉ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ባይጨምሩ ኖሮ ያን ያህል አልጽናናም ነበር። አራት ወር መጠበቅ ሽንፈት አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

በመጨረሻ ባንኩ ለቅርንጫፎቹ የሚልከው መመሪያ፣ ሰርኩላሩ፣ ወጣ። ዓይነ ስውር ደንበኛ ከፈለገ ብቻ ምስክር ያመጣል፣ ካልፈለገ አይገደድም፣ ካርድም ይሰጠዋል ይላል። ተቃቅፈን ጮኽን። በነጋታው አንዱ አባላችን ባንክ ሄደ። "ምስክር ይዘሃል?" አሉት።

ወረቀት መስኮቱ ጋ አይደርስም። ይህ ከሁሉም የከበደኝ ትምህርት ነው፣ ምክንያቱም ጨርሰናል ብለን ነበር። ስለዚህ በየወሩ ተራ ገብተን ቅርንጫፎችን መፈተሽ ጀመርን፣ መዝገቡም ቀጠለ። ከዚያም ሠራተኞቹን እኛ እናሠልጥን አልን፤ ባንኩም ተቀበለ።

የመጀመሪያውን ሥልጠና አበላሸነው። የሠራተኞቹን ዓይን በጨርቅ አሰርንና ክፍሉ ውስጥ እንዲሄዱ አደረግን። ተደናገጡ፣ ተጋጩ፣ አንዷ አለቀሰች። ሲጨርሱ "እንዴት ትኖራላችሁ? እግዚአብሔር ይርዳችሁ" አሉን። ከበፊቱ ይልቅ አዘኑልን፤ ዓይነ ስውርነት ማለት ያ የአሥር ደቂቃ ድንጋጤ መሰላቸው። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ በድንጋጤ አልኖርም። ለዓመታት የተማርኩት ችሎታ አለኝ፣ ዓይኑ አሁን የታሰረ ሰው ግን ያ የለውም። ከዚያ በኋላ ጨርቅ አውጥተን አናውቅም። በምትኩ ሠራተኞቹ አጠገባችን ይቀመጣሉ፤ እኛ ስልካችንን በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ ስንጠቀም፣ ብር በወረቀቱ መጠን ስንለይ፣ ቅጽ ስንፈርም ያያሉ። ከዚያ "ደንበኛውን ራሱን አነጋግሩ፣ አብሮት የመጣውን አይደለም" የሚለውን እየተለማመድን እንናገራለን። ሁለት ሰዓት ይበቃል።

የባንኩ የስልክ አፕ ሌላ ጣጣ ነበር። ስክሪን ሪደሬ ሲያነበው "አዝራር፣ አዝራር፣ ያልተሰየመ አዝራር" ብቻ ይለኛል። የትኛው መላኪያ፣ የትኛው መሰረዣ እንደሆነ አላውቅም። ለኃላፊዎቹ ብንጽፍ አይገባቸውም ነበር። ድምፁን ቀዳንና አፑን ለሚሠሩት ልጆች እንዲደርስልን ጠየቅን። አንዱ ልጅ ሰምቶት ደወለ፣ "ይህን አላወቅኩም ነበር" አለኝ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አዝራሮቹ ሁሉ ስም አገኙ። በሚቀጥለው ጊዜ አፑ ሲታደስ ግን ሁሉም ተመልሶ ጠፋ። ስለዚህ አሁን የምንጠይቀው ጥገና አይደለም፤ አዲሱ ከመውጣቱ በፊት ከእኛ ሁለት ሰው ይሞክረው ነው የምንለው።

ስለ ማኅበሩ ውስጥ ደግሞ ልናገር፣ ከውጭው የማይተናነስ ትግል ነበረና። መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይናማ ወዳጃችን ቃለ ጉባኤ ይጽፍልን ነበር። ቅን ሰው ነው። ግን ወረቀቱ እሱ ጋ ስለሆነ፣ ደብዳቤውም እሱ ጋ ስለሚደርስ፣ ቀስ በቀስ ቢሮዎች ለእሱ ብቻ መደወል ጀመሩ። ሳናስበው ስለ እኛ የሚወስነው እሱ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ማብራሪያ የአካል ጉዳተኞች ማኅበርንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራ ድርጅትን ለይቶ ያስቀምጣል፤ የመጀመሪያው የሚመራው በራሳቸው በአካል ጉዳተኞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጃኮበስ ቴንብሮክ ራሱ ዓይነ ስውር የሕግ ምሁር ነበር። እኛም ከወዳጃችን ጋር ቁጭ ብለን አወራን። ቅር አለው፣ አልዋሽም። ግን ገባው፣ አሁንም አብሮን ነው። ቃለ ጉባኤውን ግን እኛ በብሬልና በድምፅ እንይዛለን፤ ስልኩም በእኛ ስም ነው።

ድምፅ መስጠት ሌላው ነው። ሰብሳቢዋ ራሷ ዓይነ ስውር ስትሆን እጅ አውጡ ማለት ትርጉም የለውም። ለቀላል ጉዳይ ስም እየጠራን እያንዳንዱ "እደግፋለሁ"፣ "እቃወማለሁ" ይላል። ለምርጫ ሚስጥር ያስፈልጋል፤ ለዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ጠጠርና አንድ የልብስ ቁልፍ እንሰጣለን። ጠጠር ድጋፍ፣ ቁልፍ ተቃውሞ። አንዱን በከረጢቱ ይጥላል፣ ሌላውን ኪሱ ውስጥ ያስቀራል። ሁለት ሰው በእጁ ይቆጥራል። ደግሞ ማንም ከመናገሩ በፊት ስሙን ይናገራል፤ ይህን ያላደረግን ጊዜ ማን ምን እንዳለ ሳይታወቅ ተጣልተናል።

የሴቶችን ጉዳይ ዘግይተን ነው ያየነው፣ እኔ ራሴ ሴት ሆኜ። ስብሰባው ምሽት ስለነበር ሴቶች ይቀሩ ነበር፤ በጨለማ ብቻዋን መመለስ የምትፈራ ሰው "ፍላጎት የላትም" ተብላ ተመዘገበች። ወደ ቅዳሜ ጠዋት ስናዞረው በአንድ ወር ውስጥ ዘጠኝ አዳዲስ ሴቶች መጡ። አሁን ገንዘብ ያዣችንም ከእነሱ አንዷ ናት። ገቢና ወጪውን በየስብሰባው መጀመሪያ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ማንም ሰው ደረሰኝ በሌላ ሰው አስነብቦ ማጣራት ይችላል። መዋጮው ትንሽ ነው፤ ግን ከሌላ እጅ ስለማንጠብቅ ማንንም ሳንፈራ እንናገራለን።

አሁን ምርጫ ላይ ነን። የስምምነቱ አንቀጽ 29 በሚስጥር ድምፅ የመስጠት መብትን፣ ረዳት ካስፈለገም መራጩ ራሱ በመረጠው ሰው የመረዳት መብትን ይናገራል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የምርጫ ወረቀቱን የሚይዝ፣ ከእያንዳንዱ ዕጩ ፊት ቀዳዳና የብሬል ቁጥር ያለው ማቀፊያ። ናሙናውን ከካርቶን ራሳችን ሠርተናል።

ባለፈው ወር ባንክ ሄጄ ነበር፣ ብቻዬን። ሠራተኛዋ "ምን ልታዘዝ?" ያለችው ለእኔ ነው። ቅጹን አነበበችልኝ፣ ካርዱን መስመሩ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ፈረምኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ። አዲስ አባላችን ነው፣ ከሌላ ቅርንጫፍ። ድምፁ ተሰብሯል።

"ምስክር አምጣ አሉኝ" አለ።

"ቀኑንና ሰዓቱን ያዝክ?"

"ይዣለሁ።"

"ያነጋገረህ ማን ነው? ምን አለህ? ቃል በቃል ንገረኝ፣ እየቀዳሁ ነው።"

ሁሉንም ነገረኝ። ሰኞ ጠዋት አምስት ሆነን እንሄዳለን።